ከአበባው በስተጀርባ ያለችው መቐለ

በመቐለ ቤቶች ውስጥ ያሉ የፎቶ አልበሞች ሲገለጡ አበባ የሌለበት ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። ሙሽሮች ከቡገንቪላ ሐረግ ሥር ቆመዋል። ተመራቂው ጥቁር ካባውን እንደለበሰ ከጽጌረዳ መደብ አጠገብ ተንበርክኳል። ለአሸንዳ ያጌጡ ልጃገረዶች በሐውልቲ ሰማእታት ግቢ ከአጥሩ ሥር ካለው አበባ ፊት ተደርድረዋል። በየስቱዲዮው የተነሡት የቀድሞ ፎቶዎች እንኳ ከኋላቸው አበባ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከጎናቸው የፕላስቲክ አበባ የተሰካበት ማስቀመጫ አያጡም። ይህን ሁሉ በተከታታይ የሚያይ እንግዳ፣ ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ አበባ ለብሳ የምትኖር ቢመስለው አይፈረድበትም። የዝናቧን ጠባይ የሚያውቅ ግን ይጠራጠራል። መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዝናቧ ትንሽ ነው፤ የሚበዛውም በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያበቃል። በመስከረም ጋራው፣ የእርሻው ድንበርና የመንገዱ ዳር ቢጫ ይለብሳል፤ ትግርኛ ተናጋሪው ገልገለ መስቀል የሚላት አደይ አበባ ትደምቃለች። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ የሰየመችው ጊዜ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ እሱ ሲያልቅ የሜዳው ጌጥም አብሮ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ የአቧራና የደረቅ ሣር ወቅት ነው።

ታዲያ የአልበሙ አበባ ከየት መጣ? መልሱ የሠርግ ቀን አቆጣጠር ውስጥ አለ። ሠርግ የሚበዛው ከዐቢይ ጾም በፊት በጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በጥር ጋራው ሁሉ ገርጥቶ ሳለ ሙሽሮቹ የሚቆሙት በጎማ ውኃ የሚጠጣ አበባ ባለበት ነው፤ የመናፈሻ አጥር፣ የሆቴል ግቢ፣ የሐውልት ዙሪያ። ከፋሲካ በኋላ ያገቡት ደግሞ ጃካራንዳ ወይን ጠጅ አበባውን የሚያራግፍበት ወቅት ይደርስላቸዋል። በዚህ ምክንያት ጃካራንዳና ቡገንቪላ በየአልበሙ ሲነግሡ፣ የአገሩ ልጅ የሆነችው አደይ አበባ የምትገኘው በጣት በሚቆጠሩ የመስቀል ፎቶዎች ውስጥ ነው፤ ደመራ በሚደመርበት በጮምዓ ተራራ ግርጌ የተነሡ፣ አንድ ሕፃን ነዶዋን አቅፎ የሚታይባቸው። እንግዲህ ስለ መቐለ አበባዎች ያለን የጋራ ትዝታ በአመዛኙ የሠርግ ትዝታ ነው፤ የሠርግ ትዝታም ውኃ የሚጠጣውን ግቢ እንጂ ከተማዋን በሙሉ አያሳይም። ይህን የምለው ፎቶዎቹን ለማናናቅ አይደለም። በተቃራኒው፣ እንደ ማጌጫ ብቻ የሚታዩት እነዚህ የአበባ ፎቶዎች ስለ መቐለ ያለፈ ጊዜ ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ በብዙ ሰው እጅ የሚገኙት ናቸው ባይ ነኝ። ማስረጃ የሚሆኑት ግን ከአበባው ዙሪያ ያለውን ቦታና የተነሡበትን ቀን እስከያዙ ድረስ ነው። አሁን ያለን የአነሣስና የአያያዝ ልማድ ደግሞ በትክክል እነዚህን ሁለቱን እያጠፋ ነው።

ማስረጃ ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ ያለ ማስረጃ የሚናገር ትዝታ ምን ያህል እንደሚያሳስት ትግራይ ራሷ ምስክር ናት። ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር፣ አረንጓዴ ነበር፣ እኛ ነን ያራቆትነው የሚለው ንግግር በሽማግሌዎች ጨዋታም በባለሥልጣን ንግግርም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ተነሥቶ በአዲግራትና በሕንጣሎ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ፣ ከእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል የመጡ ፎቶ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ያነሡት የጦሩን ሰፈር፣ መንገዱንና ተራራውን ነው፤ ስለ ዕፅዋት ምንም ሐሳብ አልነበራቸውም። ከ140 ዓመት በኋላ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ጃን ኒሰን፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ምትኩ ኃይሌ፣ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ፎቶዎች ይዘው የተነሡበትን ቦታ እየፈለጉ፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙት። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲታዩ የቀድሞው ተራራ ከዛሬው የተራቆተ ሆኖ ተገኘ። የሕዝቡ ብዛት አሥር እጥፍ ያህል ጨምሮ ሳለ ቁጥቋጦውና ዛፉ በዝቷል፤ አፈሩም ከቀድሞው በተሻለ ተጠብቋል። በርግጥ ከአረንጓዴው ውስጥ ባሕር ዛፍ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ባሕር ዛፍን ደን ነው ለማለት የሚከብደው ሰው ሊከራከር ይችላል። ቢሆንም ከግጦሽ የተከለከሉ ተራሮች፣ በሕዝብ ጉልበት የተሠሩ እርከኖችና ክትሮች ያመጡት ለውጥ በዓይን የሚታይ ነው። ትግራይ በ2017 እ.ኤ.አ. በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲዋ ከዓለም አቀፉ የወርልድ ፊውቸር ካውንስል የወርቅ ሽልማት ያገኘችውም በዚሁ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ጉዳይ የፈታው የሽማግሌ ቃል ወይም የሪፖርት ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ለሌላ ዓላማ የተነሡ ፎቶዎች ጀርባ ነበር።

የአጋጣሚ ነገር ሆኖ በዚያው በ1868 በሌላው የዓለም ዳርቻ የተነሣ አንድ ፎቶ ደግሞ የአበባንና የቅጠልን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በሎዌል ከተማ መካነ መቃብር የሙታን መታሰቢያ ቀን ሲከበር ግንቦት መጨረሻ ላይ የተነሣ ነው። ፎቶ አንሺው ያሰበው በመቃብሩ ዙሪያ የተሰበሰበውን ሰው ነበር፤ ከሰዎቹ ኋላ ግን ቅጠል ያላወጡ ዛፎች ቆመዋል። ከ137 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ፎቶ ሲነሣ ዛፎቹ ሙሉ ቅጠል ለብሰው ተገኙ። ይህን ያስተዋሉት የቦስተን ተመራማሪዎች ሪቻርድ ፕሪማክና ባልደረቦቹ ናቸው፤ አርኖልድ አርቦሬተም በተባለው የሕዝብ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተነሡ ቀን የተጻፈባቸው የአበባ ፎቶዎችን ሰብስበው፣ አበቦቹ ከቀድሞው ቀድመው መፈንዳት መጀመራቸውን አሳዩ። በጃፓን ኪዮቶ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ቀን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥትና በመነኮሳት ማስታወሻዎች ተመዝግቦ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2021 የተመዘገበው ሙሉ ፍንዳታ እስከዚያ ድረስ ከታዩት ሁሉ የቀደመ መሆኑን ለማወቅ ተችሏል። እኛስ? አደይ አበባ በመቐለ ዙሪያ መፈንዳት የምትጀምረው በነሐሴ መጨረሻ ነው ወይስ ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊትስ እንዴት ነበር ቢባል፣ መልሱ ያለው በግለሰቦች ሳጥን ውስጥ ነው። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። የአጽቢ ነጭ ማር የሚገኘው ንቦች ከክረምት ማብቂያ በኋላ ጠበብ ከሚባለው ቁጥቋጦ አበባ በሚቀስሙበት ጊዜ ነው፤ አበባው ሳምንት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ቀፎው ያውቀዋል።

አበባን ከነቀኑና ከነቦታው ማስቀመጥ በትግራይ ከካሜራ ዘመን በፊት ተጀምሯል። ጀርመናዊው ዕፅዋት አጥኚ ጌዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ትግራይ መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በዓድዋና በአካባቢው አሳልፏል። አበባውን ከነግንዱ ቆርጦ፣ በወረቀት መሐል አድርቆ፣ ከየት ተራራ፣ በስንት ወር እንደተነቀለ ጽፎ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ሺምፐሪ የሚል ሳይንሳዊ ስም የተሰጣቸው የአገራችን ዕፅዋት ብዛት የድካሙን ልክ ይናገራል። ከአንድ ዓይነት ተክል ብዙ ቅጂ እያዘጋጀ ለተለያዩ ከተሞች መላኩም በኋላ ዋጋ አወጣ፤ በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. የበርሊኑ የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዘክር በአየር ድብደባ ሲቃጠል፣ እዚያ የነበረው የሺምፐር ስብስብ ቢጠፋም በለንደን ኪውና በፓሪስ ያሉት ቅጂዎች ተርፈዋል። ከዚህ ታሪክ መቐለን የሚነካው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው፦ ከኢትዮጵያዊት የተወለደው የሺምፐር ልጅ እንግዳሸት፣ ከጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ጋር ሆኖ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የአፄ ዮሐንስ 4ኛን የመቐለ ቤተ መንግሥት ካነጹት አንዱ ነው። ዛሬ ሙዚየም የሆነው ያ ሕንጻ የከተማዋ ፎቶ አንሺዎች መነሻ ጀርባ ነው። አባት የአገሩን አበባ በወረቀት አስቀመጠ፣ ልጅ ሰው ፎቶ የሚነሣበትን ግንብ አቆመ። የአባትዮው ደረቅ አበባ ቀለሙ ከለቀቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ዛሬም ተመራማሪ የሚፈልገው ግን ከአበባው በታች ለተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ሲል ነው። የአደይ አበባ ዘመዶችን መልሶ ያጠናው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ እንኳ እንዲህ ባሉ የቆዩ ስብስቦች ላይ ነው የሠራው፤ ዛሬ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ከሚለው የአንዲቱ አደይ አበባ ሳይንሳዊ ስም ጎን የሚጻፈው የእሱ ስም ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሳቸው ከፎቶ አንሺዎች ይመጣል፦ ፎቶ ማስረጃ ነው ማለት የዋህነት ነው፣ ፎቶ ይዋሻል። እውነት ነው፤ በአበባ ላይ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይዋሻል። የፊልም ዘመን የቀለም ፎቶዎች በሳጥን ውስጥ ሲቆዩ ሰማያዊ አረንጓዴውን የሚሰጠው ቀለም ቀድሞ ስለሚደክም ምስሉ ወደ ቀይ ያደላል፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተነሡ የቤተሰብ ፎቶዎች ሰውም ሣርም ቡናማ ቀይ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ ሰማያዊና ወይን ጠጅ አበቦች ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ያለፈ ብርሃን አብዝተው ስለሚያንጸባርቁ፣ ፊልሙ እሱንም ተቀብሎ አበባውን ሐምራዊ ያደርገዋል። ስለዚህ በሠርግ አልበም ውስጥ ጃካራንዳ ሐምራዊ ቢመስል ዛፉ አልተለወጠም። የዛሬው ስልክ ደግሞ በቢጫ ይሸነፋል። በቀትር የደጋ ፀሐይ የተነሣች አደይ አበባ የብርሃኑን ልክ ስለምታሳልፍ የቅጠሏ መስመር ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቢጫ ነጠብጣብ ትሆናለች፤ ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ፣ ወይም ብርሃኑን ትንሽ ቀንሶ ማንሣት የሚመከረው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ግን ፎቶውን ከማስረጃነት አያስወጣውም፤ የቱን ጥያቄ ልንጠይቀው እንደምንችል ብቻ ይወስናል። የጃካራንዳው ቀለም ቢዋሽም ዛፉ ከሮማናት አደባባይ ወደየት በኩል ቆሞ እንደነበር፣ ቁመቱ ከመብራት ምሰሶው አንጻር ምን ያህል እንደሆነ፣ ሥሩ ላይ ሣር ይኑር ኮብልስቶን አይዋሽም። ሎዌል ላይ የተገኘው ማስረጃ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ስለ ቀለም ምንም አልተናገረም፣ ግን በቂ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ክርክር የጥበብ ሰዎችን የሚያስቆጣ ነው። ዛሬ በመናፈሻ ውስጥ አበባ የሚያነሣ ሰው የሚመኘው አበባዋ ጠርታ ጀርባው ሁሉ እንዲደበዝዝ ነው። ቀድሞ ይህን ለማግኘት ውድ ሌንስ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ስልኩ ራሱ በስሌት ያደበዝዘዋል። ውበት እንዳለው አልክድም። ዓይንን ወደ አንድ ነገር መምራት የፎቶ ጥበብ አካል ነው፣ ፎቶ አንሺው ለተመራማሪ ለመሥራት ቃል አልገባም፣ የፈለገውን የማሳየት መብቱ የራሱ ነው። ይህን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ ጀርባዋ የደበዘዘች ጽጌረዳ የመቐለ ልትሆን፣ የሐዋሳ ልትሆን፣ የናይሮቢ ልትሆን ትችላለች። ሰው ፎቶውን ለምን እንደሚያነሣ ሲጠየቅ ለማስታወሻ ነው ይላል፤ ማስታወሻ ከሆነ ደግሞ የሚታወሰው ነገር ውስጡ መኖር አለበት። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል የተነሣ ፎቶ ከአበባው ኋላ የቤቶቹን ጣሪያ፣ የኖራ ድንጋዩን አጥርና ምሥራቃዊውን ተራራ ቢያሳይ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ ከአበባው ይልቅ ጣሪያዎቹን ይቆጥራል። በመናፈሻ በር ላይ አልበም አንጠልጥለው ደንበኛ የሚጠብቁት የድሮ ፎቶ አንሺዎች ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። ርካሽ ሌንሳቸው ሁሉንም ያጠራል፤ ደንበኛቸውም የተነሣበት ቦታ እንዲታወቅለት ስለሚፈልግ ሐውልቱን ወይም ፏፏቴውን አብረው ያስገቡለታል። ዛሬ አንዳንዱ ወጣት ባለሙያ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ያ አነሣስ ነው የከተማዋን መልክ ያተረፈልን። የሚያምረውን ፎቶ አንሡ፤ ከጎኑ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተብሎ የሚነሣ ሌላ ፎቶ ወጪ የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከአገር ፍቅር የሚነሣ ነው፦ የመናፈሻዎቻችን አበባ ሁሉ የውጭ ነው፣ ጃካራንዳ ከአርጀንቲናና ከቦሊቪያ፣ ቡገንቪላ ከብራዚል፣ ታዲያ የማን ትዝታ ነው የምናቆየው? ይህ ክርክር በትግራይ ምድር አያዛልቅም። የትግራይ ልጅ ክረምት ሲመጣ በየመንገዱ ዳር ልጦ የሚበላው በለስ፣ በሚያዝያ በቢጫና በብርቱካናማ አበባ የሚያጌጠው ቁልቋል፣ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው፤ ወደ ትግራይ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ እንደሆነ ይታመናል። ዛሬ ከበለስ የበለጠ ትግራዋይ ተክል ጥቀስ ቢባል ስንቱ ይችላል? ባይተዋሩን ባለአገር የሚያደርገው በሰው ሕይወት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ጃካራንዳም በሠርግ አልበም በኩል ገብቷል። እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከውጭ የመጣው የመናፈሻውን መደብ በሙሉ ሲይዝ አገሬው ከፎቶው ውጭ መቅረቱ ነው። ቀጋ በነጭ አበባው፣ እሬት በቀይና በቢጫ ዘንጉ፣ አደይ አበባ በመስከረሟ በአጥር ውስጥ ቢተከሉ ውኃ ብዙ አይጠይቁም፤ የተፈጠሩት ለዚሁ ዝናብ ነውና። ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያን የዱር አበቦች ለተራ አንባቢ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ስታሳትም ያሰበችው ሰው በእግሩ የሚረግጠውን አበባ በስሙ እንዲያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አልፏል፤ ከጽጌረዳ ውጭ አምስት አበባ በስሙ የሚጠራ የከተማ ሰው ማግኘት ግን አሁንም ቀላል አይደለም።

የውኃው ነገር ከተነሣ ዘንዳ ከባዱን ተቃውሞ ማለፍ አይቻልም። በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር ምሽጉን የለቀቀው እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ አድርገው ውኃ ስለተቆረጠበት ነው፤ መቐለ ከዚያ ወዲህም የውኃ ችግሯ አልለቀቃትም። ጀሪካን የሚሰለፍባት ከተማ ለአበባ ውኃ ማጠጣቷ፣ ከዚያም አልፎ ስለ አበባ ፎቶ መከራከር ነውር ነው የሚል ሰው አለ። የትግራይ ጦርነት ደግሞ ለዚህ ተቃውሞ ሌላ ክብደት ሰጥቶታል። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ያየ ሰው፣ እስከ ዛሬ በሰባ ካሬ መጠለያ የሚኖረውን ተፈናቃይ የሚያስብ ሰው፣ ስለ ቡገንቪላ ማውራት ቢያስጠላው ምን ይባላል? ይህን ተቃውሞ በቃላት ብልሃት ማለፍ አይገባም። ስለ ዳቦ ቅድሚያ የሚከራከር የለም። ሆኖም የአበባው ፎቶ በዳቦው ላይ የተጫነ ወጪ አይደለም፤ ሰው እንደሆነ ያነሣዋል፣ ጥያቄው ሲያነሣው ምን ይዞ ይቀራል የሚለው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ጦርነቱ ራሱ ፎቶዎቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መቐለ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበራትም፤ ስልክ የተመለሰው ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው። የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. መስከረሞች በዚህ ጨለማ ውስጥ አለፉ። መብራት በሌለበት ስልክ መሙላት ጭንቅ ነበር፤ የተነሣውም ፎቶ ከከተማዋ የሚወጣበት መንገድ አልነበረም። አደይ አበባ በሁለቱም ዓመታት ፈንድታለች፣ ክረምቱ አልቀረምና። የታየችበት ምስል ግን ከሌሎቹ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ጊዜ ጋዝና ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሕዝቡ ለማገዶ ወደ ዛፍ መዞሩ የታወቀ ነው። የትኛው ተራራ ላይ ምን ያህል ተቆረጠ፣ የትኛው አጥር ሥር የነበረ አትክልት ጠፋ፣ የትኛው ተረፈ የሚለውን ዛሬ የሚጠይቅ ሰው ከሳተላይት ምስል በተጨማሪ የሚያገኘው እማኝ ከ2013 በፊት በየግቢውና በየመናፈሻው የተነሣ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ነው። መልሶ መትከል ከተፈለገ ምን እንደነበር ማወቅ ይቀድማል። የተፈናቀለውም ሰው ቢሆን ስለ ቤቱ ሲጠየቅ የጓሮውን አበባ ሳያነሣ አይቀርም፤ ፎቶው በስልኩ ውስጥ ካለ የቤቱ አንዱ ማስረጃ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአያያዝ ጉዳይ ነው፣ እሱም ቶሎ የሚነገር ነው። ስልክ እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን በውስጡ ይጽፋል። ፎቶው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቃል፤ ያ ጽሑፍም ተቆርጦ ይቀራል። ዘመድ ለዘመድ፣ ዲያስፖራ ለአገር ቤት የተላላከው ፎቶ ሁሉ ቀንና ቦታ የሌለው ወላጅ አልባ ሆኖ በየስልኩ የተከማቸው በዚህ ምክንያት ነው። በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጎ መላክ ይህን ያድናል። የወረቀቱ ፎቶ ከዚህ አንጻር የተሻለ ዕድል ነበረው፤ አያቶች ከጀርባው በእስክሪብቶ ቀኑንና የሰውየውን ስም ይጽፉ ነበር። ሌላም እንቅፋት አለ። በአገራችን ብዙ የሕዝብ ቦታዎች ትልቅ ካሜራ ያየ ዘበኛ ፎቶ ክልክል ነው ማለት ይቀለዋል፣ ስልክ ለያዘው ግን ምንም አይለውም። የጸጥታ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በጦርነት ያለፈ ከተማ ካሜራን ቢጠራጠር አይደንቅም። ግን አበባና አጥር የሚያነሣን ሰው በመከልከል የሚጠበቅ ምስጢር የለም። የከተማው አስተዳደር በመናፈሻዎቹ በር ላይ ፎቶ ማንሣት ይቻላል የሚል አንድ ሰሌዳ ቢያቆም ብዙ ንትርክ ያስቀራል። መቐለ ዩኒቨርሲቲም የቀድሞ ፎቶዎችን ከያሉበት አሰባስቦ ካገኘው ልምድ አንጻር፣ የነዋሪውን አልበም ለመቃኘት ከማንም የቀረበ ነው፤ አልበሙን ሳይወስድ በቅጂ ብቻ፣ ባለቤቱ የፈቀደውን ገጽ ብቻ።

እስከዚያው ድረስ ሥራው በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። በቤትዎ ያለውን የሠርግ ወይም የመስቀል አልበም አውጥተው ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ዓመቱን፣ ወሩንና ቦታውን ይጻፉ፤ የሚያስታውሱት እናትዎ ወይም አባትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። በመጪው መስከረም ደግሞ ከአደይ አበባው ፊት ሲቆሙ ተራራውም ይግባ።